ለአማርኛ ቪዲዮ ጌም የገጸ ባሕርያትን ድምፅ በጥራት ለመቅረጽ የሚረዳ መመሪያ

በአማርኛ የሚናገር ጌም መሥራት የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ገጸ ባሕርያቶቻችን ሲናገሩ ዜና የሚያነቡ ይመስላሉ፤ የትኛውን ማይክሮፎን ብንገዛ ይስተካከላል?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ የምሰጠው መልስ ተመሳሳይ ስለሆነ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ዜና የማንበብ ቃና ከማይክሮፎን የማይመጣ መሆኑ ነው። የሚመጣው፣ ተዋናዩ ያንን ቃል ለማን፣ ከምን ያህል ርቀት፣ ምን ደርሶበት እንደሚናገር ሳይነገረው ወረቀት ላይ የተጻፈለትን ሲያነብ ነው። በመድረክም ሆነ በፊልም ተዋናዩ የሚያናግረውን ሰው ፊት ለፊት ያየዋል፤ በጌም ቀረጻ ግን ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሞ፣ ቅደም ተከተላቸው የተበጣጠሰ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንግግሮችን ይናገራል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ሰፊው ክፍል ማይክሮፎኑ ከመከፈቱ በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ድምፁ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ በመንገዱ፣ በጠላቱ ወይም በካርታው ላይ ስለሆነ የሚናገረውን ገጸ ባሕርይ ፊት አያይም። «ከኋላህ!» የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው በጆሮው ብቻ ነው። ድምፁ ካላሳመነው ንግግሩን እየዘለለ ማለፍ ይጀምራል፤ ንግግሩን ሲዘል ደግሞ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረውን መረጃ አብሮ ያጣል፤ በመጨረሻም ጌሙ ራሱ የተበላሸ ይመስለዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

– ማይክሮፎን። በደንብ ባልታፈነ ክፍል ውስጥ የሚቀርጹ ከሆነ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ይምረጡ፤ በየሙዚቃ ቡድኑ የሚታየው ሹር ኤስኤም58 እንኳ በቅርብ ሲናገሩበት በቂ ነው። ኮንደንሰር ማይክሮፎን ጥቃቅን የድምፅ ለውጦችን አጥርቶ ይይዛል፤ ነገር ግን የክፍሉን ማስተጋባትና የጎረቤቱን ውሻ ጭምር ይይዛል፤ አብዛኛውም ከኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተር ጋር ከሚያገናኘው መሣሪያ) የ48 ቮልት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል።
– ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ላፕቶፕ እና ድምፅ ወደ ውጭ የማያወጣ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የጆሮ ማዳመጫ።
– ፖፕ ፊልተር፣ ማለትም በአፍና በማይክሮፎን መካከል የሚቆም የትንፋሽ መከላከያ። ከሌለ በሽቦ ቀለበት ላይ የተወጠረ ናይሎን ስቶኪንግ ይተካዋል።
– የማይክሮፎን ማቆሚያ እና ጽሑፉን በዓይን ከፍታ የሚይዝ የኖታ ማቆሚያ።
– አራት ወይም አምስት ወፍራም ብርድ ልብስ።
– የቀረጻ ሶፍትዌር። ኦዳሲቲ በነጻ የሚገኝ ሲሆን ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ንግግሮቹ ብዙ ከሆኑ ሪፐር ይቀላል።
– ሠንጠረዥ ለመሥራት ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ።
– ለሁለተኛ ቅጂ የሚሆን ሃርድ ዲስክ። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ጥራት፣ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) የሚቀረጽ ድምፅ በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋባይት፣ በሰዓት ወደ 520 ሜጋባይት ስለሚይዝ ቦታ አያሳስብም።
– ለተዋንያኑ ለብ ያለ ውሃ።

ደረጃ 1፦ ንግግሮቹን ለጆሮ ይጻፉ

የጽሑፍ አማርኛ ረጅም ነው፤ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሰሚው ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ፍሬ ነገሩን አያገኝም። ይህ በመጽሐፍ ውስጥ ምንም ችግር የለውም፤ በውጊያ መካከል ላለ ተጫዋች ግን አይሆንም። አንድ የበር ጠባቂ «እባክዎ ወደዚህ ግቢ ከመግባትዎ በፊት የያዙትን የጦር መሣሪያ ከበሩ አጠገብ ያስቀምጡ» ብሎ ከጮኸ የትኛውም ተዋናይ አያድነውም። «ቁም! መሣሪያህን አውርድ። ከዚያ ትገባለህ።» ቢል ግን ተዋናዩ ሳይደክም ጠባቂ ይሆናል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ንግግር ቆመው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት። በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ ይቁረጡት። ሰው በአፉ የማይላቸውን የጽሑፍ ማያያዣዎች፣ ለምሳሌ «በመሆኑም»፣ «ከዚህም ባሻገር»፣ «ይህ በእንዲህ እንዳለ» የሚሉትን፣ ገጸ ባሕርይው ጸሐፊ ወይም ዳኛ ካልሆነ በቀር ያውጧቸው። አስቸኳይ መረጃ ያለበትን ቃል ወደ መጀመሪያ ያምጡት፤ «በግራ በኩል አለ፣ በረኛው!» የሚለው አነጋገር በሰዋስው መጽሐፍ ባይመረጥም ሰው ሲደነግጥ የሚናገረው እንደዚያ ነው።

ደረጃ 2፦ ንግግሮቹን በሠንጠረዥ ያደራጁ

ይህ ከሁሉም ደረጃዎች በላይ ጥራቱን የሚወስነው ነው፤ ቸኩለው የሚያልፉት ሰዎች በኋላ በእጥፍ ጊዜ ይከፍሉበታል። ለእያንዳንዱ ንግግር አንድ ረድፍ ይስጡና የሚከተሉትን ዓምዶች ይሙሉ፦

ሀ) የንግግሩ ቁጥር። በአሥር በአሥር እየዘለሉ ቁጥር ይስጡ (10፣ 20፣ 30)። ምክንያቱም በቀረጻው ቀን አዲስ ንግግር መጨመሩ አይቀርም፤ 25 ብለው ያስገቡታል እንጂ ሁሉንም እንደገና አይቆጥሩም።

ለ) ተናጋሪው እና የሚያናግረው ሰው፣ ከጾታውና ከዕድሜው ጋር።

ሐ) ርቀቱ። አጠገቡ ላለ ሰው ሹክ የሚል፣ በአንድ ሜትር የሚያወራ፣ ግቢ ተሻግሮ የሚጠራ እና ከተራራ ላይ የሚጣራ ሰው የሚያወጣው ድምፅ በመጠን ብቻ ሳይሆን በጠባዩም የተለያየ ነው። በሹክሹክታ የተቀረጸን ድምፅ በሶፍትዌር ከፍ ቢያደርጉት ጩኸት አይሆንም።

መ) ከዚህ ንግግር በፊት የሆነው ነገር፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ሠ) ተናጋሪው በዚህ ንግግር ማግኘት የሚፈልገው ነገር። «ለማስፈራራት»፣ «ጊዜ ለመግዛት»፣ «ልጁ እንዳያይበት ለመደበቅ» ተብሎ ይጻፋል። «በሐዘን» ወይም «በደስታ» ብቻ ተብሎ አይጻፍም፤ ምክንያቱን በደረጃ 8 እመለስበታለሁ።

ረ) የአካሉ ሁኔታ። እየሮጠ፣ ሸክም ተሸክሞ፣ ቆስሎ ወይም እያኘከ ሊሆን ይችላል። በጌሙ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ከተናገረ ተጫዋቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ሐሰት መሆኑን ይሰማዋል።

ሰ) የፋይሉ ስም። በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ፣ ያለ ክፍት ቦታ ይጻፉት፤ አንዳንድ ሶፍትዌሮች በግእዝ ፊደል የተጻፈ የፋይል ስም ሲያዩ ይሳሳታሉ። የገጸ ባሕርይው አጭር መለያ፣ የምዕራፉ ቁጥርና የንግግሩ ቁጥር በቂ ናቸው።

በዚሁ ሠንጠረዥ ላይ የስሞችን አጻጻፍ አንድ ያድርጉ። አንዱ ዘንድ «ዓለሙ»፣ ሌላው ዘንድ «አለሙ» ተብሎ የተጻፈ ገጸ ባሕርይ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው፤ ሲፈልጉት ግማሹ ንግግር ይጠፋል።

ደረጃ 3፦ በሁለትና በሦስት መልክ የሚቀረጹትን ይለዩ

በአማርኛ ግሡ የሚያናግሩትን ሰው ጾታ፣ ብዛትና ክብር ይሸከማል። ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት ገጸ ባሕርይ እንዲመርጥ የሚፈቅድ ጌም ከሆነ፣ ተጫዋቹን የሚያናግር ንግግር ሁሉ «ተዘጋጅ» እና «ተዘጋጂ» ተብሎ ሁለት ጊዜ መቀረጽ አለበት። የጀግናዋን ወይም የጀግናውን ድምፅ ብቻ ሁለት ጊዜ መቅረጽ አይበቃም፤ ነጋዴው፣ ጠባቂው፣ የመንደሩ ሽማግሌ ሁሉ ይመለከታቸዋል። ይህ የበጀት ጉዳይ ስለሆነ ተዋናይ ከመቅጠርዎ በፊት ሠንጠረዡን በዚህ ዓይን ይለፉበትና «ወንድ»፣ «ሴት»፣ «ብዙ»፣ «አክብሮት» የሚል ዓምድ ያክሉበት። ወጪውን መቀነስ የሚቻለው በጽሑፉ ነው፤ «እሳት!»፣ «በሩ ተከፍቷል!»፣ «ውሃ የለም» የሚሉት ለማንም ይሆናሉ።

ለሽማግሌዎችና ለእናቶች የሚነገረውንም ይወስኑ። በታሪኩ ዘመንና ስፍራ «እርስዎ» ይባላል ወይስ «አንቱ»? አንድ ገጸ ባሕርይ በአንዱ ምዕራፍ እናቱን «አንቺ» ብሎ በሌላው «እርስዎ» ካለ፣ ታሪኩ ምክንያት ካልሰጠው በቀር አማርኛ ተናጋሪ ሰሚ ወዲያው ይነቃበታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዓረፍተ ነገሮችን ከተቆራረጡ ቃላት ለመገጣጠም አይሞክሩ። «ሦስት» እና «ጋሻ» እና «አገኘህ» የሚሉትን ለየብቻ ቀርጾ ኮምፒውተሩ እንዲቀጥላቸው ማድረግ ቆጣቢ ይመስላል፤ ነገር ግን «ጋሻ» ወደ «ጋሻህ»፣ «ጋሻውን»፣ «በጋሻዬ» ስለሚለወጥና ዜማውም በየቦታው ስለሚለያይ፣ የሚወጣው ድምፅ የስልክ መልስ ሰጪ ማሽን ድምፅ ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይቅረጹ። የተጫዋቹን ስም መጥራት ካስፈለገም «ልጄ»፣ «ወንድሜ»፣ «እቴ» በመሳሰሉት ይተኩት።

ደረጃ 4፦ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ቃል ምልክት ያድርጉበት

ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ይመታል» የሚለው ሲላላ ሰውዬው ሌላውን እንደሚመታ፣ ሲጠብቅ ግን እርሱ ራሱ በሌላ ሰው እንደሚመታ ይናገራል፤ በውጊያ ጌም ውስጥ ይህ ልዩነት ትርጉሙን ይገለብጠዋል። «አለ»፣ «ገና»፣ «ዋና»፣ «ሰፊ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ተዋናዩ ጽሑፉን ከነዙሪያ ገባው ቢያገኘው በራሱ ይለየዋል፤ የጌም ንግግሮች ግን ተነጥለው ስለሚቀርቡለት ይሳሳታል፤ ስህተቱም የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ ያድርጉ። ጥያቄ ሆኖ ጥያቄ የሚያመለክት ቃል የሌለበትን («መጣ?») በቀለም ያስምሩበት። ለጌሙ የተፈጠሩ የቦታና የሰው ስሞች ካሉ ደግሞ አጠራራቸውን በስልክ ቀርጸው ለሁሉም ተዋንያን አስቀድመው ይላኩ፤ ያለዚያ አንዱ ከተማ በሦስት ዓይነት ይጠራል።

ደረጃ 5፦ ተዋንያን ይምረጡ፣ ስምምነት ይጻፉ

ለፈተና ሦስት አጫጭር ንግግሮች ይስጡ፦ አንዱ በቅርብ የሚነገር፣ አንዱ ከሩቅ የሚጣሩበት፣ አንዱ ሳቅ ወይም ለቅሶ ያለበት። ሲናገሩ አይመልከቷቸው፤ በስልክ ቀርጸው በኋላ ያዳምጡ። መልካም ፊትና መልካም እንቅስቃሴ ያለው ተዋናይ ዓይንን አሳምኖ ጆሮን ላያሳምን ይችላል። የሬድዮ ድራማ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለዚህ ሥራ በጣም ይቀርባሉ፤ የመድረክ ተዋንያንም ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ድምፃቸውን እስከ መጨረሻው ወንበር የመላክ ልማድ ስላላቸው፣ ማይክሮፎኑ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ላይ መሆኑን ደጋግሞ ማስታወስ ያስፈልጋል።

የጎጃምን፣ የወሎን ወይም የጎንደርን አነጋገር የሚፈልግ ገጸ ባሕርይ ካለ በዚያ አነጋገር ያደገ ሰው ይፈልጉ። የአዲስ አበባ ተዋናይ አስመስሎ ሲናገር ለማሾፍ የተደረገ ይመስላል፤ የአካባቢው ተጫዋችም በትክክል ይቀየማል። አንድ ተዋናይ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ሚናዎችን ሊይዝ ይችላል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው እንዳይነጋገሩ ብቻ ይጠንቀቁ።

ከዚያም ክፍያውን፣ የቀረጻውን ሰዓት ብዛት፣ ለእርማት ተመልሰው ለሚመጡበት ቀን የሚከፈለውን እና ድምፁ የት የት እንደሚውል በጽሑፍ ይስማሙ። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች (ለተዋንያንና ለመሳሰሉት) መብት ይሰጣል፤ ስለዚህ «ከፍለነዋልና የኛ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ስምምነትን አይተካም። ድምፁ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሌላ ንግግር ለመፍጠር ይውል ወይም አይውል እንደሆነ ለብቻው በግልጽ ይጻፍ፤ በአሜሪካ የተዋንያን ማኅበር ሳግ-አፍትራ በ2024 እ.ኤ.አ. በጌም ኩባንያዎች ላይ ሥራ የማቆም አድማ የጠራበት ዋነኛ ምክንያት ይኸው ነበር።

ደረጃ 6፦ ክፍሉን ያዘጋጁ

በክፍሉ መካከል ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ። ጭብጨባው ተከትሎ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ካለው ክፍሉ ያስተጋባል፤ ይህንን ደግሞ በሶፍትዌር ማውጣት ከባድ ነው። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን፣ ፍራሽና ምንጣፍ ያለበት ትንሽ መኝታ ቤት ከባዶ ሳሎን ይሻላል። ብርድ ልብሶቹን በመጀመሪያ ከተዋናዩ ጀርባ ይስቀሉ፤ ማይክሮፎኑ የሚመለከተው ወደዚያ ስለሆነ ከዚያ ግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ነው ከሁሉም በላይ የሚሰማው። ቀጥሎ ጎንና ጎኑን ይሸፍኑ፤ ኖታ ማቆሚያውንም በጨርቅ ያልብሱት። የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የንግግርን ድምፅ ለማፈን እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም።

ማቀዝቀዣውን ይንቀሉ፤ መልሶ መሰካቱን እንዳይረሱ የመኪና ቁልፍዎን ወይም ስልክዎን ውስጡ ያስቀምጡ። ላፕቶፑን በባትሪ ያሠሩት፤ ከቻርጀር የሚመጣው እምምታ ይቀራል፤ መብራት ቢጠፋም ቀረጻው አይቋረጥም። የአዛንና የቅዳሴ ሰዓት አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ የቀረጻ መርሐ ግብሩን በዚያ ዙሪያ ያውጡ። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለመቅረጽ አያቅዱ፤ ጣሪያው ላይ የሚወርደውን ዝናብ የሚያስቀር ብርድ ልብስ የለም።

ደረጃ 7፦ ማይክሮፎኑንና መጠኑን ያስተካክሉ

ሶፍትዌሩን በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በሞኖ፣ በዌቭ (WAV) ፋይል ላይ ያድርጉት። ማይክሮፎኑን ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ፣ ከአፍ ትይዩ ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉት፤ «ፕ» እና «ብ» ሲነገሩ የሚወጣው ትንፋሽ በቀጥታ አይመታውም። ተዋናዩ ቆሞ ይናገር፤ የተቀመጠ ሰው ሆዱ ስለሚታጠፍ ትንፋሹ ያጥራል።

የድምፁን መጠን የሚያስተካክሉት ተዋናዩ የሚናገረውን በሙሉ ስሜት ሲናገር ነው እንጂ «አንድ፣ ሁለት» ሲል አይደለም። በሶፍትዌሩ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (ሶፍትዌሩ ሊይዘው ከሚችለው ከፍተኛ መጠን) በታች በ12 እና በ6 ዴሲቤል መካከል ይሁን። አማርኛ «ቅ»፣ «ጥ»፣ «ጭ» የመሳሰሉ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ስላሉት ጫፉ ሳይታሰብ ይዘላል፤ ዜሮን የነካ ድምፅ ደግሞ ተቆርጧልና አይጠገንም። ማንም ሳይናገር የሚሰማው የክፍሉ ድምፅ ከዜሮ በታች 60 ዴሲቤል ወይም ከዚያ ያነሰ ይሁን። በመጨረሻም ባዶውን ክፍል ለ30 ሴኮንድ ይቅረጹ፤ በአርትዖት ጊዜ ክፍተቶችን የሚሞሉት በዚህ ነው።

ርቀቱንና የመጠኑን ቁጥር ጽፈው፣ ፎቶም አንሥተው ያስቀምጡ። ተዋናዩ ከሳምንታት በኋላ ለእርማት ሲመለስ ያለዚህ ማስታወሻ ተመሳሳይ ድምፅ ማግኘት አይቻልም።

ደረጃ 8፦ ቀረጻውን ይምሩ

ተዋናዩ ሲገባ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ንግግር አይሂዱ። ጌሙ ከተሠራ አጫውቱት፤ ካልተሠራ ሥዕሎቹን ያሳዩት። የሚጫወተው ሰው እንዴት እንደሚራመድ፣ ምን እንደለበሰ፣ ምን እንደሚፈራ ይንገሩት።

ከዚያ በኋላ ያለው የአዘጋጁ ትልቁ ሥራ ስሜትን ሳይሆን ምክንያትን መስጠት ነው። «ተመልሰህ መጣህ?» የሚለውን ንግግር ይውሰዱ። «በደስታ በይው» ከተባለች ተዋናይቷ ደስታ የሚመስል ዜማ ታወጣለች፤ ያ ዜማ በሁሉም «የደስታ» ንግግሮቿ ላይ አንድ ዓይነት ይሆናል። «ሞቷል ብለሽ ተዝካሩን ያወጣሽለት ልጅሽ በር ላይ ቆሟል» ከተባለች ግን ድንጋጤው፣ ጥርጣሬውና እንባው በራሳቸው ይመጣሉ። ያንኑ ቃል «ትናንት ያባረርከው ሌባ ነው» ብለው ለጠባቂው ቢሰጡት ፍጹም ሌላ ይሆናል። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ «ከዚህ በፊት የሆነው» እና «ማግኘት የሚፈልገው» የሚሉትን ሁለት ዓምዶች ከእያንዳንዱ ንግግር በፊት ያንብቡለት። ራስዎ ተናግረው «እንደዚህ በለው» ማለት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ተዋናዩ ያን ጊዜ የሚከተለው የርስዎን ዜማ እንጂ የገጸ ባሕርይውን ሐሳብ አይደለም።

ተዋናዩ የሚያናግረው ሰው እንዲኖር ያድርጉ። ሌላ ተዋናይ ማምጣት ካልተቻለ እርስዎ ወይም ረዳትዎ በጆሮ ማዳመጫው በኩል የሌላኛውን ገጸ ባሕርይ ንግግር ያንብቡለት፤ መልስ የሚሰጥ ሰው ካለ ዜና የማንበብ ቃናው ይጠፋል። ርቀት ያለው ንግግር ሲሆን ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር አሳይተው ለዚያ እንዲጣራ ያድርጉት። እየሮጠ ለሚናገረው ከመናገሩ በፊት በቦታው ይዝለል፤ ሸክም ለያዘው ከባድ ነገር ያስይዙት።

ለእያንዳንዱ ንግግር ሦስት ቴክ (ሦስት ጊዜ መቅረጽ) ይበቃል፤ በሦስተኛው ካልመጣ አልፈው ይቀጥሉና በኋላ ይመለሱበት፤ አንድን ቃል ደጋግሞ ማሠራት ተዋናዩን ስለ ቃሉ እንጂ ስለ ታሪኩ እንዳያስብ ያደርገዋል። የወደዱትን ቴክ ወዲያው በሠንጠረዡ ላይ ምልክት ያድርጉበት። «የት ላይ ነበር ያ ጥሩው?» እያሉ ሰዓታት ያለፈ ቀረጻ መፈተሽ አድካሚ ሥራ ነው።

ተዋናዩ ያለው ከጽሑፉ የተለየ ግን የተሻለ ከሆነ የርሱን ይቀበሉና ጽሑፉን ያስተካክሉ። ሰው በአፉ የመጣለት አማርኛ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ከተጻፈው ይበልጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጩኸት፣ የሞት ድምፅና ሹክሹክታ ሁልጊዜ በቀኑ መጨረሻ ይቀረጹ። ቀድመው ከተቀረጹ ቀሪዎቹ ንግግሮች በሻከረ ጉሮሮ ይነገራሉ፤ ከዚያም በላይ የድምፅ አውታር ይጎዳል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተደረገው የጌም ተዋንያን አድማ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ ጉሮሮ የሚያስጨንቅ ቀረጻ ከሁለት ሰዓት እንዳይበልጥ ነበር፤ እርስዎ ይህን እንደ ጣሪያ ይያዙት፤ በተቻለ መጠን ከዚያ ያሳንሱት። ተዋናዩ ጉሮሮው እንደሞረሞረው ከተናገረ ቀረጻው በዚያው ይቁም።

ደረጃ 9፦ ቃል የሌላቸውንና የሚደጋገሙትን ይቅረጹ

መዝለል፣ መውደቅ፣ መመታት፣ ከባድ ነገር ማንሣት፣ ከውሃ ወጥቶ መተንፈስ፤ እነዚህ ሁሉ ድምፅ ይፈልጋሉ፤ ተጫዋቹም ከታሪኩ ንግግሮች ይልቅ እነዚህን አብዝቶ ይሰማል። በየጊዜው ለሚመጣ ድርጊት ቢያንስ አምስት የተለያየ ድምፅ ይቅረጹ፤ ጠባቂው ተጫዋቹን ባየ ቁጥር የሚናገረው ከሆነ እስከ አሥር ያድርሱት። አንድ ዓይነት «ማነህ!» ደጋግሞ የሰማ ተጫዋች ጠባቂው ሰው መሆኑን ይረሳዋል። የሚደጋገሙት ንግግሮች ቀልድ ወይም እንግዳ ቃል አይኑርባቸው፤ ቀልድ ሁለተኛ ሲሰማ ያሰለቻልና።

ደረጃ 10፦ አርትዖት

ዋናውን ቅጂ ሳይነኩ በሌላ ፎልደር ይሥሩ። ከንግግሩ ፊትና ኋላ ያለውን ዝምታ ይቁረጡ፤ ነገር ግን ከንግግሩ በፊት የሚሰማውን የትንፋሽ አወሳሰድ አያጥፉ፤ ሰው መሆኑን የሚያሳየው እርሱ ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ጉርምርምታ ይቀንሱ። የጀርባ ድምፅ ማጽጃውን በጥቂቱ ብቻ ይጠቀሙ፤ ሲበዛ ድምፁ ከውሃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፤ ከዚያ ትንሽ የጀርባ ድምፅ መኖሩ ይሻላል።

የተለመዱትን ንግግሮች በኦዳሲቲ የድምፅ መጠን ማስተካከያ ከዜሮ በታች 23 ሉፍስ (ድምፅ ለጆሮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ የሚለካበት መለኪያ) ላይ ያድርጓቸው። ጩኸትንና ሹክሹክታን ግን በዚያው ቁጥር አያስተካክሉ፤ ልዩነታቸው ይጠፋልና ለየራሳቸው ደረጃ ያውጡ። ከአንድ ሴኮንድ ያነሱትን በጆሮዎ ያመዛዝኑ፤ መለኪያው ለእንደነዚህ አጫጭር ድምፆች አይታመንም።

ደረጃ 11፦ ጌሙ ውስጥ አስገብተው ይፈትሹ

ንግግር ሲጀምር ሙዚቃው በራሱ ዝቅ እንዲል ያድርጉ። ሁለት ገጸ ባሕርያት በአንድ ጊዜ እንዳይናገሩ ቅድሚያ ይወስኑ፤ አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ ከተራ ወሬ ይቀድማል። ያው የሚደጋገም ንግግር ተከታትሎ እንዳይመጣ የማረፊያ ጊዜ ይስጡት። የግርጌ ጽሑፉ ከተነገረው ጋር ቃል በቃል ይመሳሰል፤ በቀረጻው ቀን የተለወጡትን ንግግሮች እዚህ ላይ መርሳት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው የሚጫወተው በስልክ ስለሆነ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሳይሆን በተራ ስልክ ድምፅ ማውጫም፣ ሰው በሚያወራበት ክፍል ውስጥ ያዳምጡት።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

– ጊዜያዊ ነው ተብሎ በጌሙ ሠሪዎች ድምፅ የተቀረጸው ሳይቀየር መቅረቱ። ጊዜያዊዎቹን በስማቸው መጀመሪያ ላይ ልዩ ምልክት ያድርጉባቸውና ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ፈልገው ያውጧቸው።
– ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ጽሑፍ በቀጥታ ማስቀረጽ። በቃላቱ ትክክል ሆኖ በአፍ የማይመች ስለሚሆን ተዋናዩ ቢደክምም አይሳካለትም፤ መጀመሪያ በደረጃ 1 እንደተገለጸው እንደገና ይጻፍ።
– ሽማግሌን ለመጫወት ወጣት ተዋናይ ጉሮሮውን አሻክሮ እንዲናገር ማድረግ። ለጥቂት ንግግር ቢያስኬድም በረጅም ሚና ላይ ይጋለጣል፤ የዕድሜ ባለጸጋ ተዋናይ ይጋብዙ።
– የአንዱን ቀን ቀረጻ በአንድ ክፍል፣ የሌላውን በሌላ ክፍል መቅረጽ። አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል ክፍል የቀየረ ይመስላል።
– ለእርማት የሚሆን ቀንና ገንዘብ አለመያዝ። ጌሙ ሲፈተሽ የሚቀየሩ ንግግሮች ሁልጊዜ ይኖራሉ፤ ዋናው ቀረጻ ካለቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እያንዳንዱን ዋና ተዋናይ ለአንድ ግማሽ ቀን ከመጀመሪያው ይቅጠሩት፤ ሲመጣም አዲሱን ከመቅረጽዎ በፊት የቀድሞውን የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ያሰሙት፤ ከፍታውና ፍጥነቱ ከዚያ ጋር እንዲገጥም።